ጅብ ከሄደ የሚጮኸው የሊኑክስ ገዳይ

የሊኑክስ ከርነልን (የሥርዓቱን እምብርት) ኦኦኤም ኪለር፣ ማለትም ሜሞሪ ሲያልቅ አንዱን ፕሮግራም ገድሎ ቦታ የሚያስለቅቀውን፣ ሰው የሚያነሳው ሊሰድበው ሲፈልግ ብቻ ነው። እኔም ብዙ ሰድቤዋለሁ። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ብራውዘር፣ ዳታቤዝና ኮምፓይለር ባንድ ላይ የማስኬድ ሰው ነኝ፤ ከገዳዩ ጋር ከተዋወቅን ቆየን። ሎጉን (ከርነሉ የሠራውን የሚጽፍበትን መዝገብ) ተቀምጬ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ግን በአገዳደሉ ላይ ያለኝ ቅሬታ ትንሽ ሆኗል። የሚያናድደኝ መዘግየቱ ነው።

ከርነሉ ሜሞሪ ለጠየቀው ከሞላ ጎደል ሁሉ «እሺ» ይላል። የጠየቀ ሁሉ የጠየቀውን እንደማይነካ ስለሚያውቅ ካለው በላይ ቃል ይገባል። ሁሉም ባንዴ ሲመጡበትና ባዶ ፔጅ (ሜሞሪ የሚታደልበት ቁራጭ) ሲጠፋ ታዲያ ወዲያው አይገድልም። የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ኮድ ሳይቀር ከራም ያወጣል፤ ከአፍታ በኋላ ያንኑ ከዲስክ መልሶ ያነባል። ጥቂት ፔጅ ባስለቀቀ ቁጥር ገና ሜሞሪ አለኝ ብሎ ይቀጥላል። እኔ ጋ የሚታየው ሳያቋርጥ የሚበራ የዲስክ መብራትና አልፎ አልፎ ብቻ የሚዘል ማውስ ነው። አንድ ቀን ሰዓት ይዤ 11 ደቂቃ ቆጠርኩ። ብራውዘሩን የገደለው ላፕቶፑን በጉልበት ላጠፋ እጄን ስዘረጋ ነው!

ምርጫው እንደሚወራው በዘፈቀደ አይደለም። እያንዳንዱ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) የያዘውን ራም፣ ስዋፕ (ራም ሲጠብ ዲስክ ላይ የሚያገለግል ማቆያ) እና ፔጅ ቴብል (የፔጆቹ ማውጫ) ደምሮ ነጥብ ይሰጥና ትልቁን ይመታል። ክፋቱ፣ ትልቁ ብዙ ጊዜ በጣም የምፈልገው ነው። ነጥቡን ከ-1000 እስከ 1000 ባለ ቁጥር ማስተካከል ይቻላል፤ ዳታቤዜን -900 ላይ አስቀምጬዋለሁ። -1000 ማለት ጨርሶ አትንካው ማለት ነው፤ ሜሞሪ የሚያፈሰው ዳታቤዙ ራሱ ከሆነ ጎረቤቶቹ በሙሉ ያልቁለታል።

ምስጋናዬ ከግድያው በኋላ ላለው ሥራ ነው። ሲግኪል (እምቢ የማይባል የሞት ትእዛዝ) የተላከበት ፕሮሰስ እዚያው ድርቅ ብሎ አይሞትም፤ የያዘውን ለመመለስ ራሱ ነቅቶ መውጣት አለበት። ሎክ (አንዱ ሲይዘው ሌላው ተራ የሚጠብቅበት ቁልፍ) እየጠበቀ ተኝቶ ከሆነና ሎኩን የያዘው ደግሞ ሜሞሪ እየጠበቀ ከሆነ፣ ሟቹም አይወጣ፣ ጠባቂውም አያገኝ፣ ማሽኑ እዚያው ይቀራል። በ2016 የወጣው ከርነል 4.6 ለዚህ ኦኦኤም ሪፐርን ይዞ መጣ፤ የከርነል ፕሮግራመሩ የሚካል ሆትስኮ ሥራ ነው። ሪፐሩ ሟቹ እስኪወጣ አይጠብቅም፤ ራሱ ገብቶ የግል ሜሞሪውን ይገፈዋል። የሜሞሪ ካርታው ተቆልፎ ካገኘው በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ልዩነት እስከ 10 ጊዜ ይሞክርና ትቶት ይሄዳል። ባለፈው ሊንከሬ (የተኮምፓይለውን ኮድ የሚያገጣጥመው) ሲገደል፣ በሎጉ ላይ የግድያው መስመር አኖን አርኤስኤሱን፣ ማለትም ራም ላይ የያዘውን የግል ሜሞሪ፣ 3 ጊጋባይት ገደማ ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎ ያለው የሪፐሩ መስመር ዜሮ ኪሎባይት ይላል። 

ሼርድ ሜሞሪ ግን አይነካም፤ ትልቅ ቋት በሼርድ ሜሞሪ ለሚይዝ ዳታቤዝ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከርነል 5.15 በ2021 ይህንኑ የመግፈፍ ሥራ በሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን ሥራ በሚጠይቅበት ጥሪ) ለውጭ ገዳዮችም ከፈተው። አንድሮይድ አፕ የሚገድለው በራሱ ፕሮግራም ስለሆነ በዋናነት የታሰበው ለእሱ ነው።

መዘግየቱን በተመለከተ ከከርነሉ ቀድሞ የሚገድለውን ኧርሊኦኦኤም የተባለ ፕሮግራም ጫንኩ። ያለው ራምም ስዋፕም ከ10 በመቶ ሲወርዱ ሲግተርም (በጨዋነት «ውጣ» የሚል ትእዛዝ) ይልካል፤ ከ5 በመቶ ሲወርዱ ሲግኪል። ሲግተርም የደረሰው ፕሮግራም ፋይሉን ዘግቶ ለመውጣት ፋታ ያገኛል፤ ከርነሉ ይህን አይሰጥም። ሁለቱም እስኪወርዱ ስለሚጠብቅ ግን ትልቅ ስዋፕ ካለ እሱም ያረፍዳል። ስዋፔን ወደ 2 ጊጋባይት ካወረድኩ በኋላ ነው የተስማማነው።

ለሪፐሩ 5 ኮከብ፣ ለኪለሩ 2። ሦስተኛውን የከለከልኩት ተርሚናሉ ላይ «ኪልድ» (ተገደለ) ከሚል አንድ ቃልና ከመውጫ ኮዱ 137 በቀር ምንም ስለማይነግረኝ ነው። 137 ማለት 128 ሲደመር የሲግኪል ቁጥር 9 መሆኑን ሳላውቅ፣ አንድ ሙሉ ቀን የራሴን ኮድ ስፈትሽ ውያለሁ።