የጨጓራ ቀለበት ለእርስዎ ይሆናል? ሰባት ዓመት የተጠቀመች ሰው አስተያየት

ክብደት ለመቀነስ ጨጓራዬ ላይ የሲሊኮን ቀለበት ያስገባሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ሲሆን፣ ያስወጣሁት ደግሞ በ2017 ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም፤ ልናገር የፈለግሁት ስለ ቀለበቱና ስለ ክትትሉ ነውና። ሰሞኑን ሁለት እህቶች «እኛስ ብናስገባ ምን ይመስልሻል?» ብለው ስለጠየቁኝ፣ የመለስኩላቸውን ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት።

ቀለበቱ የጨጓራን የላይኛውን ክፍል እንደ መቀነት ይታጠቀዋል፤ ከእሱ በላይ የምትቀረው ከረጢት በጣም ትንሽ ስለሆነች በጥቂት ጉርሻ ትሞላለች። ከቀለበቱ የሚነሳ ቀጭን ቱቦ ከሆድ ቆዳ ሥር ከተቀበረች መሙያ ጋር ይገናኛል፤ ሐኪሙ እዚያች ላይ መርፌ ወግቶ የጨው ውሃ ሲጨምር ቀለበቱ ይጠብቃል፣ ሲቀዳ ይላላል። ጨጓራ አይቆረጥም፣ አንጀትም ከቦታው አይነካም። እኔን የሳበኝ ይኸው ነበር።

ያኔ ቁመቴ 1.62 ሜትር፣ ክብደቴ 105 ኪሎ ነበር፤ ኪሎውን በቁመት ካሬ ሲያካፍሉት 40 ይመጣል። በአሜሪካ ለዚህ ቀዶ ሕክምና ለብዙ ዓመታት የተሠራበት መስፈርት ይህ ቁጥር 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ ሕመም ካለ 35 ነበር፤ በ2022 የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት 35 የደረሰ ሰው ሌላ ሕመም ባይኖርበትም ለቀዶ ሕክምና እንዲታሰብ መክረዋል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት 21 ኪሎ ቀነስኩ፣ የደም ግፊት መድኃኒቴም በግማሽ ተቀነሰልኝ። ይህን መልካም ነገር መካድ አልፈልግም።

ከባዱ ነገር ማዕድ ላይ ነበር። ትኩስ ዳቦና በደንብ ያልታኘከ ጥብስ አያልፍም፤ ተጠቅልሎ የተጎረሰ እንጀራም እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ ቀለበቱ አፍ ላይ ይቆማል። የአክስቴ ልጅ ልጇን ክርስትና ባስነሳችበት ዕለት አክስቴ «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!» ብላ የዶሮ ወጥ ጉርሻ አጎረሰችኝ፤ እንቢ ማለት ከበደኝ። ወዲያው ደረቴ ላይ ድንጋይ የተቀመጠ መሰለኝ፣ አፌ በምራቅ ተሞላ፤ ጉርሻው ተመልሶ እስኪወጣ ድረስ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምኩ። በአንጻሩ ለስላሳ መጠጥ፣ አይስክሬም፣ የአቮካዶ ጭማቂ ያለ ምንም ችግር ይወርዳል። ስለዚህ ክብደቱ የመጣው ከጣፋጭና ከሚጠጣ ነገር ከሆነ ቀለበቱ ብዙም አይረዳም። ጾምም ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ በቀን 60 ግራም ያህል ፕሮቲን አዝዛኝ ስለነበር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ በዚያች ትንሽ ከረጢት ሽሮና ምስር ብቻ በልቼ ልሞላው አልቻልኩም። በመጨረሻ የንስሐ አባቴን አማክሬ ሥርዓቴን አስተካከልኩ።

ቅሬታዬ ክትትሉ ላይ ነው። ቀለበቱ በገባ ዓመት ውስጥ ለማስተካከል ስድስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ይህ ዕድሜ ልክ የሚቀጥል መሆኑ ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት በተሰጠን ገለጻ የተነሳው በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ሥራ ቀይሬ ኢንሹራንሴ ሲለወጥ፣ የደወልኩላቸው ክሊኒኮች ራሳቸው ያላስገቡትን ቀለበት አንነካም አሉኝ። በስድስተኛው ዓመት ሌሊት ሌሊት ምግብና አሲድ እየተመለሰ ያንቀኝ ጀመር፤ ራጅ ስነሳ ቀለበቱ ከቦታው ተንሸራቶ ተገኘ። መጀመሪያ ውሃው ተቀዳ፣ በኋላም በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ከቀነስኩት ውስጥ 14 ኪሎ ተመለሰብኝ። «በፈለግሽ ጊዜ ይወጣል» መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማውጣቱም ራሱ ቀዶ ሕክምና ነው፣ ጠባሳም ይተዋል።

መንሸራተትም ሆነ ጨጓራን እየበላ መግባት የታወቁ የቀለበቱ ችግሮች ናቸው። በአሜሪካ በ2001 የተፈቀደው ይህ ሕክምና በ2011 ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምናዎች ከሲሶ በላይ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ግን 1 በመቶ አካባቢ ወርዷል። ቦታውን የያዘው ከጨጓራ ሦስት አራተኛውን ያህል ቆርጦ የሚያወጣው ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ እሱ ደግሞ ከተቆረጠ ወዲያ የማይመለስ በመሆኑ የራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ከ2021 ወዲህ ለክብደት የተፈቀዱት እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ መርፌዎችም ስላሉ፣ ዛሬ ብሆን ኖሮ መጀመሪያ ስለ እነርሱ ነበር ሐኪሜን የምጠይቀው።

አሁንም ቀለበቱን የሚያስብ ሰው ካለ፣ ሐኪሙን በዓመት ስንት ቀለበት እንደሚያስገባ ብቻ ሳይሆን ስንት ቀለበት እንደሚያወጣም ይጠይቀው፤ ኢንሹራንሱ ማስተካከያውንና ማውጣቱን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይቀበል። ከጠየቁኝ እህቶች አንዷ ጠቅልላ አዲስ አበባ ልትገባ እያሰበች ነው፤ ቀለበቱ ቢጠብቅባት እዚያ የሚያላላላት ሐኪም ማን እንደሆነ በስም እስክታውቅ ድረስ ቀጠሮ እንዳትይዝ ነግሬያታለሁ።