ቦያው ወይስ ማማው?
አባ ሳሙኤል ግድብ ዳር ቆሜ ነው ይህን ያሰብኩት። አዲስ አበባ ባሕር የላትም። ጥያቄው ግን እዚህም ይሠራል፦ ውሃ ከአየር ጋር የሚለዋወጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዴት ይለካል? የባሕር ዳርቻ ተመራማሪዎች በተለይ ሁለት መንገድ ይጠቀማሉ።

አንደኛው ቦያ ነው፤ መለኪያ ተሸክሞ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ዕቃ። በውሃውና በአየሩ ያለው ጋዝ ይለካል። ውሃው ውስጥ ያለው የጋዙ ግፊት አየሩ ውስጥ ካለው ከበለጠ ጋዙ ይወጣል፣ ካነሰ ይገባል። ምን ያህል? እሱን ከንፋስ ፍጥነት የሚነሳ ቀመር ይነግረናል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በብዙዎቹ ቀመሮች ንፋሱ እጥፍ ሲሆን ልውውጡ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የንፋስ መለኪያው ትንሽ ከሳተ ውጤቱ ገደል ገባ! ቀመሮቹ ደግሞ በአብዛኛው የተሠሩት ለሰፊው ውቅያኖስ ነው። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ የውሃው ሙላትና ጉድለት ነገሩን ያወሳስበዋል።

ሁለተኛው ማማ ነው። የአየሩን ሽቅብና ቁልቁል እንቅስቃሴ ከጋዙ መጠን ጋር በሰከንድ 10 ወይም 20 ጊዜ ይመዘግባል። ከዚያ ብዙ ጊዜ የ30 ደቂቃ አማካይ ይወሰዳል። ልውውጡን በቀጥታ ስለሚለካ ደስ ይላል። ግን ንፋሱ ከየብስ ከመጣ የሚቆጥረው የባሕሩን ሳይሆን የሣሩንና የመኪናውን ነው። እዚህ ቢተከል የአቃቂን ጭስ ሲቆጥር ይውል ነበር። የባሕሩ ጨው ደግሞ የጋዝ መለኪያውን ሌንስ ያቆሽሸዋል።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለአንድ ዳርቻ ጥናት ማማውን፣ ለረጅም ጠረፍ ደግሞ ብዙ ቦያዎችን እመርጣለሁ። ለአባ ሳሙኤልስ? እምቦጩ መሃል ቦያ የት ይንሳፈፋል? ጭሱን ቢቆጥርም ማማው ይሁን።