ጠቡ መቼ ይበስላል? የዊልያም ዛርትማን መጽሐፍ

«ራይፕ ፎር ሪዞሉሽን»ን («ለመፍትሔ የበሰለ» እንደማለት ነው) ዋሽንግተን ውስጥ ከአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ በስምንት ዶላር አገኘሁት። ደራሲው ዊልያም ዛርትማን እዚሁ ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ያስተማሩ ምሁር ናቸው። በእጄ ያለው የ1985ቱ እ.ኤ.አ. እትም ነው። የአፍሪካ ጠቦችን፣ ምዕራብ ሰሃራን፣ የኮንጎዋን ሻባን፣ ናሚቢያንና የእኛን የአፍሪካ ቀንድ ያያል። እኔ በቀጥታ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ወደተዋጉበት ወደ ኦጋዴኑ ምዕራፍ ሄድኩ። አባቴ ካራማራ ላይ ተዋግቷል።

የዛርትማን ሐሳብ ይኼ ነው። ጠበኞች የሚታረቁት አስታራቂው ጥሩ ሐሳብ ስላመጣ ብቻ አይደለም። ጠቡ መብሰል አለበት። ሁለቱም ማሸነፍ ሲያቅታቸው፣ እንዲሁ መቀጠሉም ሲያንገበግባቸው፣ መውጫ መንገድም ሲታያቸው፣ ያኔ ጆሮ ይሰጣሉ። አባባ ትዝ አለኝ። ከጦርነቱ በኋላ ጅጅጋ ስንኖር ሽምግልና ይጠሩት ነበር። አንዳንዴ ሳያስታርቅ ይመለሳል። እናቴ «ምነው?» ስትለው፣ «ገና አልደከማቸውም» ይላታል።

ዛርትማን ግን ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ አይሉም። አስታራቂ ራሱ ጠቡን ሊያበስለው ይችላል ይላሉ። መጽሐፉን የወደድኩት በዚህ ነው።

ቅሬታም አለኝ። በ1988 እ.ኤ.አ. መንግሥቱና የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ ተስማሙ። ያንገበገባቸው እርስ በርስ መፋጠጡ ብቻ አልነበረም። ሁለቱንም ከውስጥ ያለው ጦርነት ይዟቸው ነበር። ደርግ ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ ከተመታ ገና ሳምንታት ቢሆነው ነው። አንዱ የሌላውን አማፂ መርዳት ሊያቆም ቃል ገባ። በግንቦት፣ ድጋፉ የሚቆምባቸው የሶማሊያ አማፂዎች ወደ ሰሜን ሶማሊያ ከተሞች፣ ወደ ቡርኦና ሐርጌሳ ገቡ፤ ዚያድ ባሬም ሐርጌሳን በአውሮፕላን አስደበደበ። የሸሸው ሕዝብ ጅጅጋ አጠገብ ሐርቲሼክ ሲሰፍር በልጅነቴ አይቻለሁ። ታዲያ ጠቡ የበሰለው ለማን ነው? የእኔ እትም ከዚያ በፊት የታተመ ስለሆነ ይህን ሊነግረኝ አይችልም። ግን ዓይኑ መሪዎቹ ላይ ነው፤ ስለ ተራው ሰው ብዙ አይጠይቅም።

እንግሊዝኛው ይከብዳል፣ ቶሎ አያስኬድም። ሽምግልና ውስጥ ያላችሁ ግን ታገሉት፣ ዋጋ አለው። የኦጋዴኑን ምዕራፍ ለአባባ በስልክ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ሁለት ምሽት ፈጀብን። ዝም ብሎ ሰማኝና «ስለ ሐርጌሳም የተጻፈ ካለ ፈልጊልኝ» አለኝ። እየፈለግሁ ነው።