ፓስዎርዱን የት ነው የምትጽፉት? የቢሮ መረጃ የሚይዝ ፍላሽ ስትገዙ

ከሁለት ዓመት በፊት የሦስት ደንበኞቼን ፔሮልና የፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌሩ) ባካፕ የያዘ ፍላሽ ታክሲ ውስጥ ጥዬ ወረድኩ። ለፍላሹስ ማን ይጨነቃል፤ እንቅልፍ የነሳኝ ውስጡ ያለው የሰው ደመወዝ፣ የባንክ ሒሳብና ቲን ቁጥር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከሐፍረት ያለፈ ነው። እንደኔ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ግን ፍላሽ ይቅርብኝ ማለት አይችልም፤ ኦዲተሩ ራሱ «በፍላሽ አምጣልኝ» ነው የሚለው።

ምርጫው ሦስት ነው። አንደኛው ተራ ፍላሽ ገዝቶ በሶፍትዌር መቆለፍ፦ በዊንዶውሱ ቢትሎከር ወይም በነጻው ቬራክሪፕት። ሁለተኛው ምስጠራውን፣ ማለትም መረጃውን ያለ ፓስዎርድ እንዳይነበብ አድርጎ መቀየሩን፣ ፍላሹ ውስጥ ያለ ቺፕ የሚሠራለት፣ ፓስዎርዱ ግን በኮምፒውተሩ ኪቦርድ የሚገባ፤ የኪንግስተን አይረንኪ ቮልት ፕራይቬሲ 50 እንዲህ ያለ ነው። ሦስተኛው የቁጥር ቁልፎች ራሱ ፍላሹ ላይ የተደረደሩለት ነው፤ አይረንኪ ኪፓድ 200 ወይም የአፕሪኮርን ኤጂስ ሴኪዩር ኪ።

ሻጩ «ይኼ እኮ 256 ቢት ነው!» ሲላችሁ አትደነቁ። ሦስቱም 256 ቢት ኤኢኤስ የተባለውን ጠንካራ የምስጠራ ስልት ይችላሉ፣ ሌባም በዚያ በኩል አይመጣም። የሚመጣው ፓስዎርድ በመገመት ነው፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ስሕተቱን ማን ይቆጥራል የሚለው ነው።

በሶፍትዌር የተቆለፈ ፍላሽ ላይ ማንም አይቆጥርም። ያገኘው ሰው የተቆለፈውን እንዳለ ወደ ራሱ ኮምፒውተር ገልብጦ ቀን ከሌት በፕሮግራም ሊገምት ይችላል። ፓስዎርዱ የልጅ ስምና የልደት ዓመት ከሆነ ብዙም አይለፋ። አይረንኪዎቹ ግን ይቆጥራሉ፦ የአድሚኑ (የፍላሹ ዋና ተቆጣጣሪ) ፓስዎርድ 10 ጊዜ በተከታታይ ከተሳሳተ የምስጠራ ቁልፉ ይጠፋል፣ መረጃውም አብሮት ይሄዳል። ይህ ለባለቤቱም ምሕረት የለውም። ስቴፋን ቶማስ የተባለው ፕሮግራመር የ7,002 ቢትኮይን ቁልፍ በድሮ አይረንኪ ውስጥ አስቀምጦ፣ ፓስዎርዱ የተጻፈበት ወረቀት ጠፍቶበት፣ ከ10ሩ ሙከራ 2 ብቻ እንደቀረው እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለም ሰምቷል። ለቢሮ መላው ቀላል ነው፤ በሁለቱም የአይረንኪ ዓይነቶች አለቃው የአድሚኑን ይይዛል፣ ሠራተኛው የራሱን። ሠራተኛው ቢረሳ አለቃው ከፍቶ ይሰጠዋል።

አሁን ኮፒ ቤት እንሂድ። ዓይነታቸው የሚለየው እዚያ ነው።

ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ቬራክሪፕት ለማስነሳት የአድሚን ፈቃድ ይፈልጋል። በደንበኛ ቢሮም ያው ነው፤ የአይቲው ልጅ ምሳ ወጥቶ አንድ ሰዓት ተቀምጬ ጠብቄአለሁ። ቢትሎከር በዊንዶውስ ሆም ይከፈታል እንጂ አይቆለፍም፣ ማክ ደግሞ ጨርሶ አያውቀውም። ፓስዎርድ ሲረሳ የሚከፍተውን ባለ 48 አሐዝ የማስመለሻ ቁልፍም እኔው ላፕቶፔ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጬ ላፕቶፑን ፎርማት አስደርጌዋለሁ፤ ጥፋቱ የቢትሎከር አይደለም።

ቮልት ፕራይቬሲው የኮምፒውተሩን አድሚን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ስትሰኩት የራሱ ፕሮግራም ይመጣል፣ ፓስዎርድ ይጠይቃል። እስከ 64 ፊደል ስለሚቀበል አያቴ ብቻ የምትናገረውን ዓረፍተ ነገር በላቲን ፊደል ጽፌበታለሁ። ችግሩ የጻፍኩት በማላውቀው ኪቦርድ ነው። የምትመቱትን የሚመዘግብ ቫይረስ ካለ ዓረፍተ ነገሬን እንዳለ ይወስደዋል። በስክሪን ላይ በማውስ የሚነካ ኪቦርድ አለው፣ ይረዳል፤ ስክሪኑን ከሚቀዳ ቫይረስ ግን አያድንም። ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ሁለት ተከታታይ ነጻ የድራይቭ ፊደል (እንደ E እና F) ይፈልጋል፤ ኔትወርክ ድራይቭ በሞላበት ቢሮ ፊደሉ ተይዞ ያስቸግራል።

ኪፓዱን ግን ከመሰካቴ በፊት እጄ ላይ እከፍተዋለሁ። የቁልፍ ምልክቱን ተጭኜ ፒኑን አስገባለሁ፣ መልሼ ቁልፉን እጫናለሁ፣ አረንጓዴው ሲበራ ወዲያው እሰካለሁ። ኮምፒውተሩ ፒኑን አያየውም። ዊንዶውስ፣ ማክ፣ ሊኑክስ፣ ፍላሽ የሚቀበል ፕሪንተር ቢሆን ግድ የለውም። ቁልፎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ወፍራም ጣት ያለው ይነጫነጫል፤ የራሱ ባትሪም ስላለው ወራት መሳቢያ ውስጥ ከረሳችሁት መጀመሪያ ሰክታችሁ ቻርጅ ማድረግ ነው።

አንዴ ከተከፈተ ግን ሦስቱም ተራ ፍላሽ ናቸው። ፋይሉን ደብቆ በቦታው የውሸት ምልክት የሚተክለው ሾርትከት ቫይረስ ምስጠራ አያግደውም። ሁለቱ የኪንግስተን ፍላሾች ማንበብ ብቻ የሚፈቅድ ሞድ ስላላቸው ኮፒ ቤት በዚያ ነው የምከፍተው። ቫይረሱ መጻፍ አይችልም፤ ገልብጦ መውሰድ ግን ይችላል። ስለዚህ ፔሮሉን ይዤ አልሄድም።

ስለ ሰርተፍኬት ደግሞ። ፊፕስ የአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ነው። ፊፕስ 197 የምስጠራው ስልት በትክክል መሠራቱን ብቻ ይመሰክራል፤ ቮልት ፕራይቬሲው ያለው ይህ ነው። ፊፕስ 140 ዕቃውን በጠቅላላ ይመለከታል፣ ደረጃ 3 ከሆነ ሰብሮ ለመክፈት መሞከርንም ይጨምራል። የ140-2 ሰርተፍኬቶች እ.ኤ.አ. ከመስከረም 21 ቀን 2026 በኋላ ወደ ታሪክ መዝገብ፣ ማለትም ለአዲስ ግዢ ወደማይመከሩት ዝርዝር፣ ስለሚዞሩ አዲስ የሚገዛ 140-3ን ይጠይቅ። ሰርተፍኬት ብቻ ግን አይበቃም፦ እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ኤስዋይኤስኤስ የተባለ የጀርመን ኩባንያ የ140-2 ሰርተፍኬት የነበራቸውን የኪንግስተን፣ የሳንዲስክና የቨርባቲም ፍላሾች ያለ ፓስዎርድ ከፍቶ አሳይቷል። ፓስዎርዱን ያረጋግጥ የነበረው ፍላሹ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ነበር፤ «ትክክል ነው» ብሎ ለፍላሹ የሚልከው መልእክትም ሁልጊዜ ያው አንድ ነበር።

በራሳችሁ ላፕቶፕና በቢሯችሁ ኮምፒውተር መካከል ብቻ የምትመላለሱ ከሆነ ቢትሎከር ከረጅም ፓስዎርድ ጋር ይበቃችኋል፤ በተረፈው ገንዘብ ሁለተኛ ፍላሽ ለባካፕ ግዙ። በሰው ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩ ከሆነ ዋጋው ቢያስጮህም ኪፓዱን። ቮልት ፕራይቬሲው ሁሉም ዊንዶውስ ወይም ማክ ለሆነበት፣ የራሱ አይቲ ላለው መሥሪያ ቤት ይመቻል።

ኪፓዱን እንደገዛችሁ የፋብሪካውን ፒን ቀይሩ። እኔ ምንም ሳልጭንበት 10 ጊዜ ሆን ብዬ ተሳስቼ ሞከርኩት። እውነትም አጠፋው፤ እንደገና ፒን ሰጥቼ ፎርማት አድርጌ እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ።