የትሮትል ሴንሰርን ለመመርመር የትኛው መሣሪያ ይገዛ? ኮድ አንባቢ፣ ስካነር፣ ቴስተር ወይስ ኦሲሎስኮፕ

ትሮትል ሴንሰር ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ምላስ ምን ያህል እንደተከፈተ ለመኪናው ኮምፒዩተር በቮልት የሚናገር ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ መኪናው ይዘገያል፣ ሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ዝቅ ይላል፣ አውቶማቲክ ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር ይደነቅፋል፤ ቼክ ኢንጂንም በርቷል። ኮዱ ሲነበብ ፒ0122 ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሴንሰር ይገዛል። ኮዱ ግን ሴንሰሩ ሞቷል አላለም፤ በመስመሩ የሚመጣው ቮልት ከሚጠበቀው በታች ሆኗል ብቻ ነው ያለው። የተበጠሰ ሽቦ፣ የዛገ ሶኬት ወይም የጠፋ 5 ቮልትም ያንኑ ኮድ ሊያወጡ ይችላሉ። ኤሌክትሮኒክ ትሮትል (ምላሱን በገመድ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሞተር የሚያንቀሳቅስ) ባለው መኪና ደግሞ ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ለብቻው አይሸጥም፤ ምላሱን ከያዘው ሙሉ ክፍል፣ ከነትሮትል ቦዲው ይገዛል። ስህተቱ ውድ ነውና አስቀድሞ መመርመሪያ መግዛት ያዋጣል።

ርካሹ ኮድ አንባቢ

በስልክ የሚሠራው ኢኤልኤም327 የሚባል መሰኪያ ወይም ትንሽ ስክሪን ያለው አንባቢ የብልሽቱን አካባቢ ያሳያል። ከፒ0120 እስከ ፒ0124 ያሉት ስለ መጀመሪያው ሴንሰር ናቸው፦ 0122 ቮልቱ ወርዷል፣ 0123 ወጥቷል፣ 0124 ይመጣል ይሄዳል ማለት ነው። ከፒ0220 እስከ ፒ0223 ስለ ሁለተኛው (ኤሌክትሮኒክ ትሮትል ሁለት አለው) ሲሆኑ፣ ፒ2135 የሁለቱ ንባብ አልተስማማም ይላል። ፒ2138ን ከዚህ ጋር አያምታቱ፤ እሱ የፔዳሉ ሴንሰር ነው፣ ትሮትል ቦዲ ቢቀየርለትም አይጠፋም።

ደካማ ጎኑ ፍጥነቱ ነው። ርካሹ አንባቢ ንባቡን በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ያድሳል፤ ሴንሰሩ ለቅጽበት ቢቋረጥ አያየውም። ኦቢዲ 2 (አንባቢው የሚሰካበት የመመርመሪያ ሥርዓት) በሌላቸው አሮጌ መኪኖች ላይማ ጭራሽ አይሠራም።

ግራፍ የሚያሳይ ስካነር

ከኮድ አንባቢው የሚበልጠው የትሮትሉን መቶኛ በመስመር ስለሚስል ነው። ፔዳሉን ቀስ ብለው ሲረግጡ መስመሩ ሳይሰበር መውጣት አለበት። ትሮትሉ ተዘግቶ 12 ወይም 15 በመቶ ቢያነብ አይደንግጡ፤ በብዙ መኪኖች ፍጹም አቀማመጥ የሚባለው ንባብ ከዜሮ አይነሳም፣ ሲከፈትም 100 ላይደርስ ይችላል።

ትእዛዝ የሚልክ ዓይነት ከሆነ ሌላ ጥቅም አለው፦ ትሮትል ቦዲ ከተቀየረ ወይም ከታጠበ በኋላ አንዳንድ መኪኖች ሚኒሞውን እንደገና መማር አለባቸው፣ ይህን ያለ ስካነር የማይቀበሉም አሉ። ሆኖም ስካነር የሚያሳየው ኮምፒዩተሩ የተቀበለውን ነው። ጥፋቱ ከሴንሰሩ ይሁን ከሽቦው አይለይም።

ዲጂታል ቴስተር

ቮልትና ኦም የሚለካው መሣሪያ ነው፤ አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ይህን ይግዛ። ሴንሰሩንና ሽቦውን የሚለያይ እሱ ነው።

የተለመደው ሴንሰር ሦስት ሽቦ አለው፦ 5 ቮልት፣ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው) እና ሲግናል። ሞተሩ ጠፍቶ ኳድሮው ይከፈት (ቁልፉ ዞሮ ሞተሩ ሳይነሳ)፤ ሶኬቱ እንደተሰካ ቀጭን መርፌ ከኋላ በኩል ይግባ። ሽቦውን መብሳት አይመከርም፤ በቀዳዳው ውሃ ገብቶ ከወራት በኋላ አዲስ ብልሽት ይፈጥራል። በመጀመሪያ 5 ቮልቱ ይለካ። ከሌለ ሴንሰሩን ተዉት፤ ያንኑ 5 ቮልት የሚጋራ ሌላ ሴንሰር ሾርት አድርጎ ሊሆን ስለሚችል አንድ በአንድ እየነቀሉ መሞከር ነው። ቀጥሎ በሴንሰሩ ማሳና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ያለው ልዩነት ይታይ፤ ከ0.1 ቮልት ካለፈ ማሳው ደካማ ነው። ማሳው ጨርሶ ከተበጠሰ ሲግናሉ ወደ 5 ቮልት ይወጣና ፒ0123 ይመጣል።

ሁለቱ ደህና ከሆኑ ሲግናሉ ይለካ። ትሮትሉ ሲዘጋ ከ0.5 እስከ 1 ቮልት አካባቢ፣ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ከ4 ቮልት በላይ ይጠበቃል፤ ትክክለኛው ቁጥር በመኪናው መመሪያ ላይ ነው። ኤሌክትሮኒክ ትሮትል ሁለት ሲግናል አለው፤ በብዙዎቹ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ ድምራቸውም 5 ቮልት አካባቢ ይቆያል። በዚህ ዓይነቱ ላይ ኳድሮው ክፍት ሆኖ ጣት ወደ ትሮትሉ ምላስ አይግባ፤ የትሮትሉ የኤሌክትሪክ ሞተር ምላሱን በድንገት ሲዘጋው ጣት ይቀጠቅጣል። ምላሱን በፔዳሉ ያንቀሳቅሱት።

ሲገዙ የሚታየው ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ንባብ የሚመዘግበው ሚን/ማክስ ቁልፍ ነው። ተራ ቴስተር ስክሪኑን በሰከንድ ሦስት አራት ጊዜ ስለሚያድስ አጭር መቋረጥ ያመልጠዋል። በሚን/ማክስ ግን መርፌዎቹ ከተሰኩ በኋላ ቁልፉን ተጭነው ትሮትሉን ቀስ ብለው ከፍተው ይዝጉ። ሲዘጋ 0.6 የሚያነብ ሴንሰር ዝቅተኛው 0.1 ተብሎ ከተመዘገበ መሃል ላይ ተቋርጧል ማለት ነው። ፒክ የሚባል ተጨማሪ ቁልፍ ካለው ደግሞ የሚሊሰከንድ መቋረጥም ይይዛል። ሽቦውንም በእጅ ወዝወዝ ያድርጉ፤ በዚያ ጊዜ ብቻ ከዘለለ ሴንሰሩ ንጹህ ነው።

በኦም መለካት የሚጠቅመው ለአሮጌው የካርቦን ንጣፍ ሴንሰር ብቻ ነው። ንክኪ የሌለው፣ በማግኔት የሚሠራው የሆል ሴንሰር በኦም አይፈተሽም፤ በዚያ ተሳስቶ ደህና ሴንሰር የሚጥል አይታጣም። የካርቦኑ ንጣፍ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው በሚኒሞና በመጠነኛ ጉዞ አካባቢ ነው፣ ተንሸራታቹ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ስለሚውል። መፈተሽ ያለበትም በይበልጥ ያ የመጀመሪያው ሩብ ነው።

ባለ መርፌ ቴስተር

አሮጌ ተብሎ መናቁ አግባብ አይደለም። ሲግናሉ ሲቋረጥ መርፌው ሲንቀጠቀጥ በዓይን ይታያል፣ ሚን/ማክስ ከሌለው ርካሽ ዲጂታል ይሻላል። በቮልት 20 ሺህ ኦም የተጻፈበትን ይምረጡ፤ ከዚያ ያነሰው ራሱ ሲግናሉን ጎትቶ ያወርደዋል።

ኦሲሎስኮፕ

ቮልቱ ከጊዜ ጋር ሲለዋወጥ በስክሪን ላይ የሚስል መሣሪያ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ለአንድ መኪና ባለቤት ግን ይበዛል። ባለ ሁለት ቻናል ይሁን፤ ሁለቱ የትሮትል ሲግናሎች በአንድ ስክሪን ላይ ሲታዩ ፒ2135ን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ያለ ክርክር ይታወቃል። በስክሪኑ አንድ ሳጥን 1 ቮልትና 500 ሚሊሰከንድ አድርገው ትሮትሉን ሲከፍቱ የጎደለው ቦታ እንደ ጥርስ ወደ ታች ይወርዳል። ሻጮች የሚያወድሱት 100 ሜጋኸርትዝ እዚህ ሥራ የለውም፤ ሲግናሉ ዘገምተኛ ነው። ዋጋ የሚሰጠው የማስታወሻው ስፋት ነው፣ በረጅም ቀረጻ ውስጥ አጭሯ መቋረጥ የምትገኘው እሱ ሰፊ ከሆነ ነው።

ለመኪና ባለቤት ሚን/ማክስ ያለው ቴስተርና ርካሽ ኮድ አንባቢ አብረው ይበቃሉ፤ ሁለቱ በአንድ መካከለኛ ስካነር ሊያመልጡ የሚችሉትን ይይዛሉ። በየቀኑ የተለያየ መኪና የሚያይ ጋራዥ በዚህ ላይ ትእዛዝ የሚልክ ስካነር ይጨምር፣ ኦሲሎስኮፑ ከዚያ ይከተላል። ማንኛውንም ከመግዛት በፊት ግን ትሮትል ቦዲውን ከፍተው ይመልከቱ። በምላሱ ዙሪያ የተጋገረ ጥቀርሻ ሚኒሞውን ልክ እንደተበላሸ ሴንሰር ያናውጠዋል፣ መድኃኒቱም የትሮትል ማጽጃ ፈሳሽና ጨርቅ ነው።