ለጎፋው የመኪና ኤሌክትሪሺያን፣ ከልብ አመሰግናለሁ

ይህን የምጽፈው የአንድ ሰው ውለታ ስላለብኝ ነው። ማታ ደህና አቁማችኋት ጠዋት አልነሳ የምትል መኪና ያለችው ሰው ካለ ደግሞ እስከ መጨረሻው ያንብበው።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። አውቶማቲክ ስለሆነች ገፍቶ ማስነሳት የሚባል ነገር የለም። ባትሪ ከወረደ ያለው አማራጭ ኬብል ይዞ የጎረቤት በር ማንኳኳት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ልጆቼ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው፣ ምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ይቆማሉ። እኔ ቁልፍ አዞራለሁ። ቀጭ ቀጭ ትላለች፣ የዳሽቦርዱ መብራት ይደበዝዛል፣ ከዚያ ዝም። የግቢያችን ዘበኛ ድምፁን ለምደውት ሳልጠራቸው ጎረቤት ሊቀሰቅሱልኝ ይሄዱ ነበር። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ "ባትሪው አርጅቷል" አለኝ። አዲስ ገዛሁ። ሁለት ቀን አስነሳ፣ በሦስተኛው ጠዋት ያው። ሌላ ቦታ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ "ዲናሞው ቻርጅ አያደርግም፣ ይቀየር" ተባልኩ። ሁለቱም ጋ መለኪያ ያወጣ ሰው አልነበረም። ዛሬ ሳስበው ከገንዘቡ በላይ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ዲናሞ ልገዛ ሶማሌ ተራ ልሄድ ስል የሥራ ባልደረባዬ ከለከለችኝ። "መጀመሪያ ጎፋ ያሉትን ጋሼን አሳዪያቸው" አለችኝ።

ጋሼ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ወንበር ሰጥተው ጠየቁኝ። ማታ ስንት ሰዓት ታቆሚያታለሽ? ቀን ቢሮ ቆማ ስትውልስ ትነሳለች? በቅርብ መኪናዋ ላይ ያስገባሽው ነገር አለ? "ምንም የለም" አልኳቸው።

መኪናዋን እሳቸው ጋ አሳደርኳት። ባትሪውን ሌሊቱን ቻርጅ አድርገውት፣ በማግስቱ እኔ ባለሁበት ለኩት። ሞተር ሳይነሳ 12.6 ቮልት። ሞተር ሲነሳ 14.2። "ልጄ፣ ባትሪሽም ዲናሞሽም ደህና ናቸው። አንቺ ስትተኚ ባትሪውን የሚጠጣ ነገር አለ" አሉኝ።

ከዚያ ያደረጉትን ቆሜ አይቻለሁ። ሞተሩን አጠፉ፣ ቁልፉን አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። የሾፌሩን በር ክፍት ትተው መቆለፊያውን በካቻቢቴ ጫን አደረጉት፤ መኪናዋ በሩ የተዘጋ እንዲመስላት ነው። ፊውዞቹን ሲነቅሉ በር መክፈትና መዝጋት እንዳይኖር። የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 ቁጥር መፍቻ ፈቱና ቴስተሩን (የኮረንት መለኪያውን) በኬብሉና በባትሪው መካከል አስገቡ። "አሁን ቁልፍ እንዳታዞሪ፣ ቴስተሬን ታቃጥይብኛለሽ" አሉ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ የሚስበው ኮረንት ከቴስተሩ አቅም በጣም ይበልጣል።

ቁጥሩ መጀመሪያ 3 አምፔር አካባቢ ነበር። እኔ "ይኸው ተገኘ!" አልኩ። እሳቸው ግን ሻይ አዘዙ። ለካ መኪና ከጠፋች በኋላ ውስጧ ያሉት ኮምፒውተሮች ወዲያው አይተኙም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ጤነኛ መኪና ከተኛች በኋላ ከ0.05 አምፔር በታች ነው የምትወስደው። የእኔዋ 1.4 ላይ ደርሳ ቀረች። ጋሼ በካርቶን ቁራጭ ላይ አሰሉልኝ። በ12 ሰዓት ውስጥ 17 አምፔር ሰዓት ገደማ ይጠጣል። የእኔ ባትሪ በጠቅላላው 35 ነው። እኔ ደግሞ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቢሮ በትራፊክ የምንፏቀቅ ሰው ነኝ። በዚያች አጭር መንገድ ዲናሞው የጎደለውን መሙላት አይችልም።

ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመሩ። አንዱን ነቅለው ቴስተሩን ያያሉ፣ ይመልሱታል፣ ወደ ቀጣዩ። የቴፑ ፊውዝ ሲነቀል 1.4 የነበረው 0.02 ሆነ። አየሁት፣ በዓይኔ!

ባለፈው ወር ያስገባሁት የአንድሮይድ ስክሪን ነው። "ምንም አላስገባሁም" ያልኳቸው ቴፕ መቀየር ከባትሪ ጋር ይገናኛል ብዬ ስላላሰብኩ ነው። ስክሪኑን ሳቡት። ከጀርባው ቢጫውና ቀዩ ሽቦ አንድ ላይ ተጠማዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። ቢጫው ሁልጊዜ ኮረንት ያለው ነው። ቀዩ ግን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነበር ማግኘት ያለበት። ስለዚህ ስክሪኑ ጨለማ ቢሆንም አልጠፋም፤ ሌሊቱን ሙሉ ወንበሩ ሥር ያለውን ድምፅ ማጉያ (አምፕሊፋየር) አብርቶ ያሳድረዋል። "ንኪው" አሉኝ። ነካሁት። ሙዚቃ ያልተከፈተበት፣ ቁልፉ እኔ ቦርሳ ውስጥ ያለ መኪና ውስጥ ሞቅ ብሎ ተቀምጧል።

ቀዩን ሽቦ ለይተው በቁልፍ ከሚመጣው መስመር ጋር በየዱት። እንደገና ግማሽ ሰዓት ጠብቀው ለኩ። 0.02። የጠየቁኝ ክፍያ ከባትሪው ዋጋ ሩቡን አይሞላም። ባትሪ ይሸጣሉ እኮ፤ "ሌላ ግዢ" ቢሉኝ እገዛ ነበር። እንዲያውም የመጀመሪያውን ባትሪዬን ስላልጣልኩት አምጪው አሉኝና ቻርጅ አድርገው ፈተሹት። ደጋግሞ ጨርሶ መውረድ ባትሪ ስለሚጎዳ አቅሙ ቀንሷል፤ ለትልቅ ሥራ ባይሆንም ቤት መብራት ሲጠፋ አምፖል ያበራልናል።

ያንን ቅዳሜና እሑድ ሳልነካት አቆምኳት። እሳቸው ናቸው እንዲያ አድርጊ ያሉኝ። ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በአንድ ዙር ተነሳች። ልጆቼ አጨበጨቡ። ደውዬ ስነግራቸው "ተመስገን" አሉ፤ እንደራሳቸው ጉዳይ ነው ደስ ያላቸው።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ግን ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። ግማሽ ሰዓቷን ለማንም አያሳጥሯትም።