አንገቴን ላሳረፉልኝ የመጋላው ሳይክል ሠሪ ምስጋናዬ ይድረስ

ድሬዎች፣ በተለይ ሥራ በሳይክል የምትመላለሱ፣ ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። አንገቱን፣ ትከሻውን ወይም ወገቡን የሚያመው ሳይክል ነጂ የምታውቁ ከሆነም አጋሩት። የማመሰግነው እዚሁ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ የሚሠሩ አንድ ሳይክል ሠሪ ናቸው። ስሜን እንዳትጽፍ ብለው ስለለመኑኝ አልጽፈውም። በሰፈሩ ግን ትልቁም ትንሹም «ጋሼ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

እኔ መምህር ነኝ። ቤቴ ሳቢያን ነው፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ። ፀሐይዋ ሳትበረታ በጠዋት ከዚራን አቋርጬ፣ ድልድዩን ተሻግሬ እገባለሁ፤ ማታ በዚያው እመለሳለሁ። ድሬ ለሳይክል የተመቸች ከተማ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ከደረሰ በኋላ የተቀየሱት የከዚራ መንገዶች ዛሬም ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ዛፍም አላቸው፤ ሐረር ላይ ያለው ዓይነት ዳገት እኛ ጋ የለም። ይህን መንገድ ከልቤ እወደዋለሁ፤ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ባልፈው የማላየውን ሰው ሁሉ ሰላም እያልኩ ነው የምሄደው።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ከሳይክሉ ስወርድ ማጅራቴ ድርቅ ይል ጀመር። ሕመሙ ወደ ትከሻዬ ይሄድና በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሃል ይቆማል። ሲመሽ ወገቤ ይቀጥላል። የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ ይደነዝዛሉ። ደብተር ለማረም ጎንበስ ማለት ከባድ ሆነብኝ። ለመምህር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሐኪም ቤት ያየችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ልጅ እግር ናት፣ እሷንም እዚሁ አመሰግናለሁ። መቼ መቼ እንደሚያመኝ አንድ በአንድ ጠይቃኝ ሳይክሉ ላይ ስትደርስ «እስቲ ሳይክል ላይ እንዳሉ ሆነው ይቀመጡልኝ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ አስረዳችኝ። የሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ቀጥ ብለን ስንቀመጥ አከርካሪው ይሸከመዋል። ደረት ወደ ፊት ሲዘነበል ግን መንገድ ለማየት ጭንቅላት ወደ ኋላ ቀና ማለት አለበት፤ የማጅራትና የትከሻ ጡንቻዎች ጉዞው እስኪያልቅ እንደተኮማተሩ ይቆያሉ። ወገብ ይጎብጣል፣ የላይኛው አካል ክብደትም መዳፍ ላይ ያርፋል። በትንሿ ጣት በኩል መዳፍ ውስጥ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ እሱ ሲጫን ነው ሁለቱ ጣቶች የሚደነዝዙት። የእጄን ጉልበት ፈትሻ፣ የምሠራውን እንቅስቃሴ ሰጥታኝ፣ «መሪውን ከፍ ያስደርጉት» ብላ ሸኘችኝ።

መሪ ከፍ ማስደረግ ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ የጠየቅኩት ቦታ ግን «አይሆንም፣ ሌላ ሳይክል ግዛ» ነው ያለኝ። የሳይክል ዋጋ ዛሬ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወደ ጋሼ የመራችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ የእሷም ልጅ ሳይክሉን እዚያ ነው የሚያሠራው።

ጋሼ በወጣትነታቸው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ሳይክሌን አስረክቤ ልቀመጥ ስል «የለም፣ ውጣበት» አሉኝ። «እስከዚያ ዛፍ ሄደህ ተመለስ። እኔን አትይ፣ መንገዱን እይ።» አንዴ ከጎን አንዴ ከኋላ ሆነው እያዩ ደጋግመው አስኬዱኝ። ከዚያ «መምህር፣ ወገብህ ጎንበስ ይላል፣ ዓይንህ ቀና ይላል። ሁለቱን ባንዴ አንገት አይችለውም» አሉ። ባለሙያዋ በብዙ ያስረዳችኝን እሳቸው እንዲህ አሳጥረው ነገሩኝ።

የጀመሩት ከኮርቻው ነው። ተረከዜን ፔዳሉ ላይ አስደርገው ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሬ ቀጥ ማለት አለማለቱን አዩ። በተረከዝ ቀጥ ካለ፣ እንደ ወትሮው በእግር ፊት ሲረገጥ ጉልበት ትንሽ እጥፍ ይላል፤ ቁመቱ ልክ ነው ማለት ነው። ቁመቱ ልክ ነበር። የኮርቻው አፍንጫ ግን ወደ ታች አዘንብሎ ስለነበር ሰውነቴን ወደ ፊት ያንሸራትተዋል፣ ያንን የሚገታው ደግሞ እጄ ነው። በውኃ ልክ አስተካከሉት። ኮርቻውን ወደ ፊት ገፍተው መሪውን ሊያቀርቡልኝ ይችሉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ኮርቻ የሚስተካከለው ለጉልበት ነው፤ ለእጅ መሪውን አስተካክልልሃለሁ» አሉኝ።

የእኔ ሳይክል የድሮው ዓይነት ነው። መሪውን የያዘው ዘንግ ወደ ታች፣ የፊት ጎማውን በያዘው ሹካ ቱቦ ውስጥ ይገባል። ከላይ አንድ ረጅም ብሎን አለው፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ከታች ያለውን ሽብልቅ ስቦ ዘንጉን ከቱቦው ጋር ያጣብቀዋል። ብዙ ሰው ብሎኑን ሙሉ በሙሉ ይፈታና ዘንጉ አልነቃነቅ ሲለው በጉልበት ይታገለዋል። ጋሼ ብሎኑን ጥቂት ዙር ብቻ አላሉት፤ ላዩ ላይ ቁራጭ እንጨት አድርገው በመዶሻ መታ መታ አደረጉት። ሽብልቁ ለቀቀ። ዘንጉን ግን ዝገት ይዞት ስለነበር ዘይት ጠብ አድርገውበት ሻይ እስክንጠጣ ተዉት። ተስቦ ሲወጣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉ፣ በጨርቅ ጠረጉ፣ ግራሶ ቀቡት። ግራሶው ካልተቀባ የሚቀጥለው ጊዜ ጭራሽ አይወጣም አሉ።

እኔም «እስከሚችለው ድረስ ከፍ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ዘንጉን አዙረው ጎኑ ላይ የተቀረጸውን የጭረት መስመር አሳዩኝ። ይህ መስመር ምን ጊዜም ቱቦው ውስጥ ተደብቆ መቅረት አለበት። ወደ ውጭ ከወጣ ውስጥ የሚቀረው ብረት አይበቃም፤ አንድ ቀን ጉድጓድ ላይ ዘንጉ ወይም ቱቦው ይሰበርና መሪው እጅ ላይ ይቀራል። ትንሽ እንኳ ብትጨምሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። «ገንዘብህን ተቀብዬ ጥርስህን አላስረግፍም» አሉኝ። ለእኚህ ሰው ያለኝ አክብሮት እዚያ ጋ ነው የጨመረው። መስመሩ ሳይታይ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አለ፤ ከኮርቻው በታች የነበረው መሪ አሁን ከኮርቻው ትንሽ ከፍ ብሎ ቆሟል።

ከዚያ የፊት ጎማውን በጉልበቶቻቸው መሃል ይዘው መሪውን ከጎማው ጋር አቀኑ፣ ብሎኑን አጠበቁ፣ መሪውንም በኃይል ሊያጣምሙት ሞከሩ። አልተነቃነቀም። አበቃ ብዬ ስነሳ መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ ያዞሩት ጀመር። ወደ ግራ ሲዞር የፊት ፍሬኑ ሽቦ ተወጥሮ ጎማውን በራሱ ያዘው። መሪ ከፍ ሲል ሽቦው እንደሚያጥር የማያስብ ሠሪ ሳይክሉን እንዲሁ ቢያስረክበኝ መጀመሪያ በምታጠፍበት ቦታ እወድቅ ነበር። ረዘም ባለ ሽቦ ለወጡት። የፍሬን መያዣዎቹንም ጣቴን ስዘረጋ አንጓዬ እንዳይታጠፍ አድርገው አዘነበሏቸው። ለጣቶቼ መደንዘዝ ይህም ብዙ ሳይረዳ አልቀረም።

እዚያው እያለሁ አንድ ወጣት አዲስ ሳይክል ይዞ መጣና «የእኔንም እንደ እሱ ከፍ ያድርጉልኝ» አለ። የእሱ አሠራሩ ሌላ ነው፤ አዲስ ሳይክል ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። የሹካው ቱቦ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ የመሪው መያዣ ከውጭ አቅፎት በጎን ብሎኖች ይጠብቃል። አናቱ ላይ ያለው ብሎን የኩሽኔታውን መላላትና መጥበቅ ማስተካከያ እንጂ መሪውን የሚይዝ አይደለም። ቱቦው በልክ የተቆረጠ ስለሆነ እንደ እኔው ተስቦ አይወጣም። ከመያዣው በላይ ቀለበቶች ካሉ ወደ ታች አዛውሮ መያዣውን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ከሌሉ ያለው አማራጭ መያዣውን ገልብጦ ወደ ላይ እንዲያዘነብል ማድረግ፣ ይበልጥ ቀና ያለ መያዣ መግዛት ወይም ጎንና ጎኑ ከፍ ያለ መሪ መግጠም ነው። የልጁ መያዣ ወደ ታች ያዘነበለ ስለነበር ጋሼ ገለበጡለት። ምንም ዕቃ ሳያስገዙት ሸኙት። ፍሬናቸው በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ የጥንት ሳይክሎችንም ይሠራሉ፤ እነሱ ላይ መሪው ከፍ ሲል የፍሬኑም ዘንግ አብሮ መስተካከል አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል ማለት አይደለም። መሪው ከልክ በላይ ከፍ ሲል ክብደቱ ሁሉ መቀመጫ ላይ ይወድቃል፣ ጉድጓድ ሲገኝ ደግሞ ምቱ ቀጥ ብሎ ወገብ ውስጥ ይገባል። ጋሼም ክርኔ ትንሽ እጥፍ እንዳለ መቅረቱን አይተው ነው ያቆሙት። ደግሞም ሕመማችሁ ወደ ክንድ የሚወርድ ከሆነ፣ እጃችሁ ከደከመ፣ ወይም ከወደቃችሁ በኋላ የጀመረ ከሆነ ጋሼ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እሳቸውም ይህንኑ ይላሉ።

የእኔ በአንድ ቀን አልጠፋም። መጀመሪያ የጣቶቼ መደንዘዝ ቀረ፣ ቀጥሎ ማጅራቴ እየላላ ሄደ፤ ወገቤ ዘግይቶ ተሻለው። እንቅስቃሴዎቹንም አላቋረጥኩም። አሁን ደብተር እያረምኩ አመሻለሁ። ባለቤቴም ማታ ማታ አንገቴን በቅባት ከማሸት ተገላግላለች፤ ጋሼን አይታቸው ባታውቅም በየጸሎቷ አትረሳቸውም።

የከፈልኩት የሽቦውን ዋጋና በጣም ትንሽ የእጅ ዋጋ ነው። ጨምሬ ልሰጣቸው ብል አልተቀበሉኝም። ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎ ሰው ካለ፣ ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ በጠዋት ሂዱ፤ ቀትር ላይ በሙቀቱ ምክንያት ያርፋሉ፣ ዓርብ ደግሞ ከጁምአ ሶላት በኋላ ነው የሚከፍቱት። ዘወትር የምትነዱበትን ጫማ አድርጋችሁ፣ የምትይዙትን ቦርሳ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳይክሉን በሰው አትላኩት፣ ነጂው ሲነዳ ሳያዩ አይሠሩም። ቦታቸው ቀፊራ ገበያ አጠገብ ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ስለሆነ ሊጠፋችሁ ይችላል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝና ራሴ ወስጄ አገናኛችኋለሁ።